ስደተኛ መምህር ደብዳቤውን ከየት ያምጣ?

በእንግሊዝ አገር የመምህርነት ፈቃድ አይታደስም። አንዲት መምህርት በአህጽሮት ኪውቲኤስ የሚባለውን የብቁ መምህርነት ማረጋገጫ አንድ ጊዜ ከተቀበለች፣ በጥፋት ከሙያው ካልታገደች በስተቀር ማረጋገጫው ዕድሜ ልኳን ይጸናል። ልጅ ለማሳደግ 15 ዓመት ቤት ብትቀመጥ፣ ሌላ ሥራ ሞክራ በ50 ዓመቷ ወደ ክፍል ብትመለስ፣ «ፈቃድሽ ጊዜው አልፎበታል» የሚላት መሥሪያ ቤት የለም።

ሕጉ እንዲህ የሆነው ሌላ ሐሳብ ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የሌበር መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ኤድ ቦልስ መምህራን በየአምስት ዓመቱ ፈቃዳቸውን እንዲያድሱ የሚያስገድድ እቅድ አቅርበው ነበር፤ ከ2010ሩ ምርጫ በፊት እቅዱ ተጣለ። በ2014 የፓርቲው የትምህርት ጉዳይ ተጠሪ ትሪስትራም ሃንት ሐሳቡን እንደገና አነሡት፤ እርሱም ሕግ ሳይሆን ቀረ። መምህራንን ይመዘግብ የነበረው የእንግሊዝ አጠቃላይ የመምህራን ምክር ቤት ደግሞ በማርች 2012 ፈረሰ። ጎረቤቷ ስኮትላንድ መምህራኗ በየአምስት ዓመቱ ሙያቸውን ስለ ማሻሻላቸው ማረጋገጫ እንዲሰጡ ታደርጋለች፤ እንግሊዝ ግን መምህሩን አንዴ ካመነች እስከ መጨረሻው ታምነዋለች።

በዚያችው በእንግሊዝ ዋና ከተማ በለንደን የሚኖር፣ ከጎንደር ወይም ከመቀሌ፣ ከነቀምት ወይም ከሐዋሳ የተሰደደ መምህር ግን እንዲህ አይታመንም። 20 ዓመት አስተምሮ ከፍተኛ መሪ መምህር የሚለው የሙያ እርከን ላይ የደረሰ ቢሆን እንኳ፣ ወደ ሙያው መመለስ ሲፈልግ ከሚጠየቃቸው ማስረጃዎች አንዱ በአገሩ ያለ ሥልጣን ያለው አካል በቅርቡ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሰውየው ለማስተማር የተፈቀደለት መሆኑንና ምንም ዕገዳ ወይም ቅጣት የሌለበት መሆኑን መመስከር አለበት። ከአገሩ በሰላም ለወጣ ሰው ይህ የአንድ ወር የወረቀት ጣጣ ነው። ከአገሩ ሸሽቶ ለወጣ ሰው ግን ለዘለዓለም የተዘጋ በር ሊሆን ይችላል።

ስደተኛ መምህራን እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ማቅረብ በማይችሉበት ልዩ ሁኔታ ችሎታቸው በሌላ መንገድ ተመዝኖ ወደ ክፍል መመለስ አለባቸው። መንገዱም በጽሑፍ የሠፈረ፣ ቋሚና ለሁሉም እኩል ሊሆን ይገባል። ነገሩ በየጊዜው ጉዳዩን በሚመለከተው ሠራተኛ በጎ ፈቃድ ወይም ለእያንዳንዱ አመልካች በተናጠል በሚሰጥ መልስ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

በእርግጥ የእንግሊዝ ትምህርት ሚኒስቴር በቅርብ ዓመታት በሩን ሰፋ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ለውጭ አገር መምህራን አዲስ የማመልከቻ ሥርዓት ሲከፈት ጋና፣ ናይጄሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌ፣ ሕንድ፣ ጃማይካ፣ ሲንጋፖር፣ ሆንግ ኮንግና ዩክሬን ተጨማሪ ተጠቃሚዎች ሆኑ። ከዚያም ዕድሉ ለሌሎች አገሮች መምህራን ተዘረጋ። ማመልከቻው ክፍያ የለውም። የሚፈለገውም በመሠረቱ ምክንያታዊ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ጋር የሚመጣጠን የመምህርነት ሥልጠና፣ ቢያንስ የአንድ የትምህርት ዘመን የማስተማር ልምድ፣ በቂ የእንግሊዝኛ ችሎታ። ከዚህም በላይ በውጭ አገር የሠለጠነ መምህር ማረጋገጫው ባይኖረውም በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ አራት ዓመት ማስተማር ይችላል። ስደተኛውን የሚያሰናክለው ከእነዚህ ጋር የሚጠየቀው የመንግሥት ምስክርነት ነው። የአራት ዓመቱ ዕድል እንኳ የሚሠራው በአገሩ መምህር እንደነበረ ማሳየት ለቻለ ብቻ ነው።

ለኢትዮጵያዊ መምህር ይህ ምስክርነት እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ይጀምራል፤ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ዞን፣ ክልል ትምህርት ቢሮ ድረስ ይወጣል፤ በመጨረሻም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ወደ ውጭ ይላካል። መሥሪያ ቤቱ ይህን ከመስጠቱ በፊት ክሊራንስ ይጠይቃል። ሥራውን በሕጋዊ መልቀቂያ ያልተወ፣ አንድ ሌሊት ልብሱን በፌስታል ይዞ የወጣ ሰው ክሊራንስ የለውም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ከሆነ ደግሞ ኮስት ሼሪንግ አለበት። ለመምህርነት የሠለጠኑ ተመራቂዎች የወጪ መጋራት ዕዳቸውን በማስተማር አገልግሎት እንዲከፍሉ ይፈቀድላቸዋል፤ አገልግሎቱን ሳይጨርስ የተሰደደው ግን በእጁ ያለው ጊዜያዊ ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ዕዳው እስኪከፈል ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ይቆያል።

ይህ ሁሉ የወረቀት ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንድም ወይም እኅት በውክልና ሊያስፈጽሙት ይችሉ ነበር። ችግሩ የሚከብደው ደብዳቤውን የሚጽፈው አካል ሰውየው የሸሸው መንግሥት አካል ሲሆን ነው። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው አድራሻውን ይዞ ወደዚያ መንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ኤምባሲ ደብዳቤ ጻፉልኝ ብሎ መሄድ፣ አንድም አገር ቤት የቀሩ ቤተሰቦቹን ለአደጋ ማጋለጥ፣ አንድም ጥገኝነት የጠየቀበትን ምክንያት ራሱ ማዳከም ይሆንበታል።

የኢትዮጵያ መምህራን ታሪክ ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይናገራል። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተባረሩ፤ ከእነርሱም መካከል ታዋቂው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይገኙበታል። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ሊቀመንበር ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ዓ.ም. ከውጭ ሲመለሱ ታስረው እስከ 1994 ዓ.ም. በእስር ቆዩ። የማኅበሩ አመራር አባል የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ደግሞ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት በደርግ ዘመን በቀይ ሽብር ስንት መምህር እንደወደቀ ያ ትውልድ ያውቀዋል። በእነዚያ ዓመታት የተሰደደ መምህር «ዕገዳ የለበትም» የሚል ደብዳቤ ከማን እጅ ሊቀበል ይችል ነበር?

የቅርቡ ጦርነት ሌላ ዓይነት ችግር ጨመረ። በትግራይ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች በጦርነቱ ሳይከፈቱ ቀርተው ልጆች ሦስት ዓመት ገደማ ከትምህርት ገበታ ራቁ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰው፣ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳቸው ተዘርፎ፣ መዝገባቸው ተቃጥሎ ነበር። መምህራኑ የ17 ወር ውዝፍ ደመወዛቸውን ለማግኘት እስከ ፍርድ ቤት ደርሰዋል። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በግጭቱ መሐል የወደቁ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መምህራን ከየወረዳቸው ተፈናቅለዋል። የመምህሩ ፋይል የተቀመጠበት ጽሕፈት ቤት ራሱ በሌለበት ማን ይጻፍለት? ይህ መምህር ከመንግሥት ጋር አንዳች ጠብ ባይኖረውም የሚጠየቀውን ወረቀት ማምጣት አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስታውሰው፣ ነገር ግን ጉዳዩን ሊፈታ የሚችል ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 25 የሚናገረው በትክክል ስለዚህ ነው። ስደተኛው ሊደርስበት ከማይችለው አገር ባለሥልጣን እርዳታ ያስፈልገው የነበረ እንደሆነ፣ ያስጠለለው አገር ያንን እርዳታ ሊሰጠው ይገባል ይላል። ሌሎች የውጭ ዜጎች ከመንግሥታቸው የሚያገኙትን ሰነድና ማረጋገጫ ተቀባዩ አገር ራሱ እንዲሰጥ ወይም እንዲያሰጥ፣ እንዲህ የተሰጠውም ሰነድ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ እምነት እንዲጣልበት ያዝዛል። ብሪታኒያ ስምምነቱን ያጸደቀችው በ1954 ነው። ከዚህ በተጨማሪ የ1997ቱ የሊዝበን ስምምነት አገሮች የስደተኞችን የትምህርት ደረጃ የወረቀት ማስረጃ በሌለበትም ሁኔታ የሚመዝኑበት መንገድ እንዲያዘጋጁ ይጠይቃል፤ ብሪታኒያም ፈራሚ ናት።

አሠራሩም ከወረቀት አልፎ ተሞክሯል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ለስደተኞች የትምህርት ደረጃ ፓስፖርት የሚባል ሰነድ መስጠት ሲጀምር በሙከራው ከተሳተፉት አንዱ የብሪታኒያው የውጭ አገር ማስረጃዎች ገምጋሚ ተቋም ነበር። ስደተኛው ያለውን ቁራጭ ማስረጃ ያቀርባል፤ የትምህርት ሥርዓቱን የሚያውቁ ባለሙያዎች ስለ ተማረው ትምህርት፣ ስለ ተቋሙ፣ ስለ ፈተናው በዝርዝር ይጠይቁታል፤ ከዚያ የደረሱበትን ድምዳሜ በጽሑፍ ይሰጡታል። በኮተቤ ወይም በቀድሞው የባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ አራት ዓመት የተማረ ሰው ስለ ተቋሙ ሲጠየቅ የሚመልሰውን መልስ፣ እዚያ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሊያስመስለው ይቸግረዋል።

ለንደን ራሷ ከዚህ የቀደመ ምሳሌ አላት። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1933 የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ማባረር ሲጀምሩ ዊልያም ቤቨሪጅና ባልደረቦቻቸው የተባረሩትን የሚረዳ ምክር ቤት አቋቋሙ፤ ሮያል ሶሳይቲም በበርሊንግተን ሃውስ ክፍሎች ሰጣቸው። ምክር ቤቱ ስለ እያንዳንዱ ስደተኛ ምሁር የጠየቀው ሥራውን የሚያውቁ የሙያ አጋሮቹን ነበር። ማክስ ቦርን፣ ሃንስ ክሬብስ፣ ካርል ፖፐር ከዚያ ጥረት ጋር ስማቸው የተያያዘ ነው። ተቋሙ ስሙን ቀይሮ ዛሬም እዚያው ለንደን ውስጥ አደጋ ላይ ያሉ ምሁራንን ይረዳል። ለዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የተገኘው መላ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር የሚቸግርበት ምክንያት የለም።

ጉዳዩ የስደተኛው ብቻ ቢሆን «እርሱ ይቻለው» የሚል ሊኖር ይችላል። ግን የእንግሊዝ ልጆችም ጉዳይ ነው። በ2023/24 የትምህርት ዘመን ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ሥልጠና የገቡት ሰዎች መንግሥት ካቀደው ቁጥር ግማሹ ብቻ ሆነው ተገኙ። በፊዚክስ ደግሞ የተሳካው 17 በመቶ ነው። በጁላይ 2024 ሥልጣን የያዘው የሌበር መንግሥት 6,500 አዳዲስ መምህራን እንደሚቀጥር ቃል ገባ። በዚያው በ2023/24 መንግሥት ከውጭ አገር ለሚመጡ የፊዚክስና የቋንቋ መምህራን ለቪዛና ለመጓጓዣ የሚሆን 10,000 ፓውንድ ይሰጥ ነበር። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ከባሕር ማዶ ለማስመጣት 10,000 ፓውንድ ይከፍል የነበረ አገር፣ ከተማው ውስጥ ያለውን የፊዚክስ መምህር አረጋውያን ሲንከባከብ ወይም ሌሊት መጋዘን ሲጠብቅ ዝም ብሎ ማየቱ ከሒሳብም አንጻር የሚያስኬድ አይደለም።

ከአፍሪካ ቀንድ ብቻቸውን የሚመጡ ታዳጊዎችም በየዓመቱ ወደ እንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ይገባሉ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ እንግሊዝኛ ገና ሳይገባው፣ ስለ ልጁ አገር የትምህርት አሰጣጥ የሚያውቅ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ «እስከ ስንተኛ ክፍል ተማርክ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ቢያገኝ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ እንዲህ ያለው ሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ቢገኝ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በረዳትነት ወይም በምሳ ሰዓት ተቆጣጣሪነት ነው። ሙያው ከክፍሉ ጥግ ተቀምጧል።

ለጥንቃቄ የሚከራከሩ ወገኖች የሚያነሡት ነጥብ ግን ሊናቅ አይገባም። ደብዳቤው የሚጠየቀው ለልጆች ደኅንነት ነው፤ በአገሩ ልጅ በድሎ የታገደ ሰው ለንደን መጥቶ ሌላ ክፍል እንዳይገባ። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃም ተረት አይደለም፤ በኢትዮጵያ ራሱ መንግሥት በሐሰተኛ ዲግሪ የተቀጠሩትን እየፈለገ ያለበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ስደተኛ ነኝ» ያለ ሁሉ ያለ ምርመራ ይለፍ የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል።

ግን ደብዳቤው ራሱ ምን ያህል ይጠብቃል? ማኅተምና ፊርማ ያለበት ወረቀት በገንዘብ ሊገዛ የሚችል መሆኑን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ይህንኑ ስጋት የሚያነሡት ናቸው። በአንጻሩ ስደተኛው እንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት ኖሯል። ጥገኝነት ጠያቂ ሆኖ 12 ወር ሳይሞላው የሥራ ፈቃድ መጠየቅ እንኳ አይችልም፤ ጥገኝነት አግኝቶ፣ ቋንቋውን አስተካክሎ ለክፍል በር እስኪደርስ ፖሊስ፣ የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ አውቀውታል። ከልጆች ጋር የሚሠራ ሁሉ የሚያልፍበትን የወንጀል መዝገብ ምርመራ አልፏል። በረዳትነት ሁለት ዓመት የሠራን ሰው የምታውቅ ርዕሰ መምህርት የምትሰጠው ምስክርነት ስለ ጠባዩ ከሩቅ ወረዳ ከሚመጣ ማኅተም የበለጠ ይናገራል።

የማስተማር ችሎታውን ለመመዘን ደግሞ መሣሪያው አሁንም እንግሊዝ እጅ ላይ አለ። ሥልጠና ሳያስፈልጋቸው ልምድ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ፣ ምዘናን ብቻ የያዘ መንገድ አለ። አመልካቹ ትምህርት ቤት ውስጥ እያስተማረ በባለሙያ ይታያል፤ ከ12 ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ብቃቱ ይወሰናል። ይህን ለስደተኛ የሚያከብደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አስቀድሞ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ማግኘት አለበት። ሁለተኛ፣ የምዘናው ክፍያ አለ። ሦስተኛ፣ የሚጠየቀውን ማስረጃ ማሟላት አለበት። መንግሥት ለቪዛና ለጉዞ ይከፍል ከነበረው ገንዘብ ጥቂቱን ለዚህ ምዘና ቢያውለው፣ ለእያንዳንዱ የለንደን ክፍለ ከተማ ተቀባይ ትምህርት ቤቶች ቢለዩ፣ የጠፋው ሰነድ በሕግ ባለሙያ ፊት በሚሰጥ ቃለ መሐላ፣ በሁለት የቀድሞ ባልደረቦች ምስክርነትና በገምጋሚው ተቋም ቃለ መጠይቅ እንዲተካ ቢደረግ፣ ሦስቱም ይፈታሉ። እንደ ሬፉኤይድ ያሉ የለንደን በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለስደተኛ ባለሙያዎች ያለ ወለድ እያበደሩ ወደ ሙያቸው እንዲመለሱ ሲያግዙ ቆይተዋል። ብድሩ ስደተኛውን ደግፎታል፤ የመንግሥትን ድርሻ ግን አልተካም።

አንድ ተጨማሪ ወገን መረሳት የለበትም፤ የዲፕሎማ መምህራን። በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ለብዙ ዓመታት የቆመው ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት በሰርተፊኬት፣ ከመምህራን ኮሌጆችም በ10+3 ዲፕሎማ በወጡ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። እንግሊዝ የምትፈልገው ዲግሪ ስለሆነ እነዚህ መምህራን ሰነዳቸው ሁሉ የተሟላ ቢሆን እንኳ ማለፍ አይችሉም። እነርሱ ያለ ዲግሪ ይለፉ ማለት አይቻልም። ነገር ግን 60 ልጅ ባለበት ክፍል ፊደል ያስቆጠረች፣ መደመርና መቀነስ ያስተማረች ሴት ዲግሪዋን ከዜሮ እንድትጀምር ከማድረግ፣ ዩኒቨርሲቲዎች የቀደመ ትምህርቷንና ልምዷን ቆጥረው ዘመኑን እንዲያሳጥሩላት ማድረግ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የኢትዮጵያ ድርሻ አይቀርም። በኢትዮጵያ እንደ እንግሊዝ አይደለም፤ ትምህርት ሚኒስቴር ለመምህራንና ለትምህርት ቤት አመራሮች የሙያ ፈቃድ የመስጠትና የማደስ ሥርዓት ዘርግቷል፤ ምዘናና ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ የዚያ አካል ናቸው። ሥርዓቱ መልካም ነው። ሊያስብበት የሚገባው ግን በጦርነት ከወረዳው የተፈናቀለ፣ ክፍል ያልነበረው፣ የሙያ ማሻሻያ ሰዓቱን ሊሞላ ያልቻለ መምህር ምን ይሆናል የሚለውን ነው። የእርሱ ፈቃድ ባለበት እንዲቆይ፣ ሰላም ሲሆን የማካካሻ ጊዜ ተሰጥቶት እንዲያድስ ግልጽ ድንጋጌ ያስፈልጋል። በውጭ አገር የቆየ መምህር ተመልሶ ማስተማር ቢፈልግም እንዲሁ።

ሚኒስቴሩ ሁለት ቀላል ነገሮችንም ማድረግ ይችላል። የመጀመሪያው የመምህራን መዝገብ በማዕከል ተይዞ የውጭ አገር የትምህርት ባለሥልጣን በቀጥታ እንዲያረጋግጥበት ማድረግ ነው፤ ያኔ መምህሩ ወረዳ ድረስ ሰው መላክ ወይም ኤምባሲ ደጅ መጥናት አይኖርበትም። ሁለተኛው የኮስት ሼሪንግን ዕዳ ከሙያ ማስረጃ መለየት ነው። ዕዳው ዕዳ ነው፣ ይከፈል፤ ነገር ግን ሰውየው የተማረ መሆኑን የሚመሰክረው ወረቀት ተይዞበት የአረጋውያን ቤት ሠራተኛ ሆኖ ከሚቀር፣ መምህር ሆኖ በሚያገኘው ደመወዝ ቢከፍለው ለመንግሥትም ይሻላል።

በለንደን ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብም ሊሠራው የሚችለው አለ። በየቅዳሜው ለልጆች አማርኛ የሚያስተምሩት፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በማኅበራት አዳራሽ የሚሰበሰቡት ብዙዎቹ የቀድሞ መምህራን ናቸው። የማን ትምህርት ምን እንደሆነ፣ የት እንዳስተማረ፣ አብሮት የሠራ ማን እንደሆነ መዝግቦ መያዝ፣ ምስክር ሲያስፈልግ ምስክር ማቅረብ ይቻላል። ርዕሰ መምህራንን ጋብዞ በቅዳሜው ክፍል ውስጥ እነዚህ ሰዎች ሲያስተምሩ ማሳየትም ከብዙ ማመልከቻ ይበልጣል።

ጊዜውም የሚያስቸኩል ነው። አካዳሚ የሚባሉት የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኪውቲኤስ የሌለውን ሰው በመምህርነት መቅጠር ይችሉ ስለነበር፣ ደብዳቤ ላጣው ስደተኛ አንድ ጠባብ መግቢያ ነበሩ። በዲሴምበር 2024 ለፓርላማ የቀረበው የሕፃናት ደኅንነትና የትምህርት ቤቶች ረቂቅ ሕግ ግን በአካዳሚዎችም አዳዲስ መምህራን ማረጋገጫው ያላቸው ወይም ለማግኘት በሂደት ላይ ያሉ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ድንጋጌ ይዞ ነው የተነሣው። ዓላማው ልጆች በሠለጠነ መምህር እንዲማሩ ነውና ተገቢ ነው። ግን ጠባቡ መግቢያ ሲዘጋ የስደተኛው መንገድ አብሮ ካልተከፈተ፣ ሕጉ የሠለጠነውን መምህር ራሱን ውጭ ያስቀረዋል። የእንግሊዝ ትምህርት ሚኒስቴር ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም፤ ለማረጋገጫው አመልካቾች ባወጣው መመሪያ ውስጥ ደብዳቤ ማምጣት የማይችል ስደተኛ ምን እንደሚያቀርብ፣ ማን እንደሚመዝነውና በስንት ሳምንት መልስ እንደሚያገኝ የሚናገር አንድ ክፍል ጨምሮ ሊጀምር ይችላል።